ሐዘን ዕዳ አይደለም

(ይህ ጽሑፍ በቤር ሼቫ በሰፈራችን መትናስ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ነው። ለመጽሔታችን እንዲስማማ ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



 ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ስለ ሞትና ስለ ሐዘን ነውና። ርዕሱን ቀደም ብለው የሰሙ አንድ አባት «ምነው ልጄ፣ ገና ከአውሮፕላን ለወረደ ሰው ስለ ሞት ይወራለታል እንዴ?» ብለው ገሥጸውኛል። እውነታቸውን ነው። ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ሥራ ባወራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ይሁን እንጂ ሞት ዕብራይስጥ እስክንማር አይጠብቅም። ከመካከላችሁም ባሏን እዚያው ጎንደር ቀብራ፣ ልጆቿን ይዛ የመጣች እህት አለች። በዚህ ከተማ በማኅበር ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየሁት ችግር ሁሉ ከልቤ አልወጣ ያለኝ ባል የሞተባት ሴት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ክፉ ቀን ሳይመጣ በደኅናው ቀን ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ አሰብኩ።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገችኝ የሩቅ አገር ሴት ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወገናችን ሞተው፣ ከሚኖሩበት ሕንፃ በታች ድንኳን ተጥሎ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። በዚያው ሕንፃ አንዲት አሮጊት የምታስታምም የኔፓል ሴት አለች። ኔፓል በሕንድና በቻይና መካከል፣ በሂማላያ ተራሮች ያለች አገር ናት። ከዚያ የመጡ ብዙ ሴቶች በእስራኤል አረጋውያንን እያስታመሙ እንደሚኖሩ ወደፊት ራሳችሁ ታያላችሁ። ይህች ሴት ወርዳ ከድንኳኑ ዳር ቆመች። በዚያን ሰዓት የሟች ሚስት ደረቷን እየደቃች ፊቷን ልትነጭ ስትል፣ ሴቶች እጇን ይዘው ይታገሏት ነበር። የኔፓሏ ሴት ወደ እኔ ዞራ «ለምን ራሷን ትጎዳለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ባህላችን ነው፤ ባሏን ስለምትወድ ነው» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «በእኛም አገር ድሮ እንደዚሁ ይሉ ነበር፤ ሚስትየዋን ከባሏ ሬሳ ጋር ያቃጥሏት ነበር» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ እየፈለግሁ አነበብኩ። በአጭሩ ላካፍላችሁ፤ ከዚያ ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን።

ይህ ልማድ ሳቲ ይባላል። በሕንድና በኔፓል በሂንዱ እምነት ተከታዮች ዘንድ የሞተ ሰው ሬሳ በአብዛኛው አይቀበርም፤ በእንጨት ክምር ላይ ይቃጠላል። በሳቲ ጊዜ ባል የሞተባት ሴት ከሬሳው ጋር በእሳት ትሞት ነበር። ሁሉም ሴት አልተቃጠለችም፤ አብዛኞቹ በሕይወት ይኖሩ ነበር። ነገር ግን የተቃጠለችው እንደ ቅድስት ስትመሰገን፣ በሕይወት የቀረችው እንደ ገደቢስ ትቆጠር ነበር። ቀይ ልብስ መልበስ፣ አምባር ማድረግ፣ በሠርግ ላይ ከፊት መታየት አይፈቀድላትም ነበር።

በኔፓል ዋና ከተማ በካትማንዱ አጠገብ ቻንጉ ናራያን የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ በ464 ዓ.ም. የተቀረጸ የድንጋይ ዓምድ ቆሟል። ያስቀረጸው ማናዴቫ የሚባል ንጉሥ ነው። በድንጋዩ ላይ እንደ ተጻፈው፣ አባቱ ንጉሥ ዳርማዴቫ በሞተ ጊዜ እናቱ ራጅያቫቲ ባሏን ተከትላ ልትሞት ተነሥታ ነበር። ልጇ ግን ያለ እርሷ መኖር እንደማይችል እየነገረ ለመናት። እርሷም ሐሳቧን መልሳ ኖረች። አስቡት፤ በዚያ አገር ስለዚህ ነገር ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የሚያወሳው ስለ ተቃጠለች ሴት ሳይሆን፣ ልጇ ለምኖ ስላተረፋት ሴት ነው።

ሁሉም ግን የሚለምንላቸው አላገኙም። በ1806 ዓ.ም. ራና ባሃዱር ሻህ የሚባለው የኔፓል ገዢ ተገደለ። ትልቋ ሚስቱ ራጅራጄሽዋሪ ቀደም ሲል ለሕፃኑ ንጉሥ እንደራሴ ሆና አገር ያስተዳደረች ሴት ነበረች። ባሏ በተገደለ በቀናት ውስጥ ተገድዳ ተቃጠለች። ሌላዋ ሚስቱ ትሪፑራ ሱንዳሪ ግን በሕይወት ቀርታ እንደራሴ ሆነች። ጉዳዩ የፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዷ ተገድዳ ስትሞት ሌላዋ ለምን ለሥልጣን ትተዋለች? ከእሳቱ ጀርባ የሰው ጥቅም ነበረ።

በእኛ አገር ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ አስታውሱ። በጎንደር ዐፄ በካፋ በ1730 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ባለቤታቸው እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳደሩ። የቁስቋምንም ግቢ አሠሩ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ፍርስራሹን በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። ባል የሞተባት ሴት ዕጣዋ ከሰማይ የተወሰነ እንዳልሆነ ከሁለቱ ነገሥታት ቤት እንማራለን። አንዱ አገር እሳት ሰጣት፣ ሌላው ዘውድ።

ልማዱ እንዴት ቀረ? በሕንድ ክፍለ አገር በቤንጋል ከ1815 እስከ 1828 ዓ.ም. ብቻ ከ8,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ እንደሞቱ የእንግሊዝ መንግሥት መዝገብ ያሳያል። በዚያ አካባቢ ሕግ ልጅ የሌላት ሴት የባሏን ንብረት መውረስ ትችል ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ለቃጠሎው ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ከሞተች ወራሽ አይኖርም። ይህን ተቃውሞ የተነሣው ከዚያው ሕዝብ የተወለደ ራም ሞሃን ሮይ የሚባል የተማረ ሰው ነው። የሃይማኖት መጻሕፍትን እየጠቀሰ፣ ሴት እንድትቃጠል ሃይማኖቱ እንደማያስገድድ ለወገኖቹ አስረዳ። በ1829 ዓ.ም. በእንግሊዙ ገዢ በቤንቲንክ ትእዛዝ ልማዱ በቤንጋል ተከለከለ። በኔፓል ደግሞ ጃንግ ባሃዱር ራና የሚባለው ጠቅላይ ሚኒስትር በ1854 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ልማዱን ገደበ እንጂ አላጠፋውም። እርሱ ራሱ በ1877 ዓ.ም. ሲሞት ሦስት ሚስቶቹ አብረውት ተቃጠሉ። ፈጽሞ የተከለከለው በ1920 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ቻንድራ ሻምሼር ዘመን ነው።

ሕግ ከወጣ በኋላም ነገሩ በሰው ልብ ውስጥ ቆየ። በ1987 ዓ.ም. በሕንድ ራጃስታን ዴኦራላ በሚባል መንደር ሩፕ ካንዋር የምትባል የ18 ዓመት ሙሽራ በባሏ ሬሳ ላይ ተቃጥላ ሞተች። ብዙ ሺህ ሰው ቦታውን ሊሳለም ጎረፈ። ሌላው ሕዝብ ግን ተቆጥቶ አደባባይ ስለወጣ፣ ልማዱን ማወደስን ጭምር የሚቀጣ አዲስ ሕግ ወጣ።

እናንተም ይህን ስትሰሙ «ተመስገን፣ እኛ ሴት አላቃጠልንም» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ታዲያ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ የእናቴ ፊት ነው።

አባቴ የሞተው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከጎንደር ወጣ ባለ ገጠር። መርዶው ሊነጋጋ ሲል መጣ። እናቴ ከመደብ ላይ ወርዳ ከመሬት ወደቀች፤ ፊቷንም በሁለት እጇ ነጨች። ደሙ እስከ አንገቷ ወረደ። እኔ እጇን ይዤ «እማዬ፣ ተይ!» አልኳት። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝና «ተዋት፤ ይውጣላት» አሉኝ። በማግስቱ ፀጉሯን ተላጨች። ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቀሚስ ለብሳ፣ ከመሬት እየተኛች ከረመች። አገሬውም «ጎበዝ፣ ባሏን በደንብ አለቀሰች» ብሎ አመሰገናት።

ቀጥሎ ተዝካር መጣ። ለተዝካሩ አንደኛው በሬያችን ተሸጠ። በአንድ በሬ አይታረስም። ሁለተኛውን የአባቴ ወንድም «እኔ ዘንድ ይክረም» ብሎ ወሰደው፤ አልተመለሰም። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የወንድሙ ንብረት የራሱ እንደሆነ ያውቅ ነበር እንጂ፣ እንደበደለን አያውቅም ነበር። እናቴ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች። ከዚያ በኋላ ከእህላችን ግማሹ የሌላ ሰው ሆነ። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው። በኋላ ጎንደር የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ አስተማሪ ስሆን፣ የመጀመሪያ ደመወዜን ለእናቴ ሰጥቻት «አሁን በሬ ግዢ» ብያታለሁ። ከመሬቱም ከበሬውም ዕድሜያችን አልፎ ነበር።

ስለዚህ እኛ እናቴን አላቃጠልናትም። ነገር ግን ፊቷን፣ ፀጉሯን፣ በሬዋንና ግማሽ እህሏን ለሙት አስከፈልናት። ሐዘኗን እንደ ዕዳ ቆጠርንባት። እናቴ በዚህ ከተማ ከእኔ ጋር እየኖረች ሳለ የዚያን የኔፓል ንጉሥ ታሪክ አጫወትኳት። ጠባሳዋን በጣቷ እየዳበሰች «እኔን የለመንከኝ አንተ ብቻ ነበርክ፤ አንተንም ጎትተው ወሰዱህ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየለቅሶው ስሄድ ይህ ቃሏ ይከተለኛል።

ወገኖቼ፣ ለቅሶ ይቅር አላልኩም። ለቅሶ፣ ሙሾ፣ ዘመድ ከየከተማው ተጠራርቶ መምጣቱ፣ ሰባቱን ቀን አብሮ መቀመጡ የእኛ ሀብት ነው። ብዙ የዚህ አገር ሰው ይቀናበታል። የምለው ሰውነትን መጉዳት ይቅር ነው። ኦሪትም የሚለው ይኸንኑ ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በዘዳግም ምዕራፍ 14 ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መቁረጥ ተከልክሏል። ባል የሞተባትን ሴትና ወላጅ የሌለውን ልጅ ማስጨነቅ ደግሞ በዘፀአት ምዕራፍ 22 ተከልክሏል። በሻቩዖት በዓል የሚነበበውን የሩትን መጽሐፍም ልብ በሉ። ሩት ባሏ የሞተባት፣ ከባዕድ አገር የመጣች ሴት ነበረች። የቤተ ልሔም ሰዎች አላባረሯትም፤ ከእርሻቸው እንድትቃርም ፈቀዱላት። ከእርሷም ዘር ንጉሥ ዳዊት ወጣ።

አሁን ወደዚህ አገር ኑሮ ልምጣ። እዚህ በሬና መሬት የለም፤ ነገር ግን ባል ሲሞት ሴትየዋ የምትጎዳበት ሌላ መንገድ አለ። አንዲት እህታችን ባሏ በሞተ ጊዜ ሁለት ትናንሽ ልጆች ነበሯት። የባሏ ወንድሞች «አንቺ ሐዘንሽን ተቀመጪ፣ ወረቀቱን እኛ እናውቅልሻለን» ብለው ሰነዶቹን ሁሉ ሰብስበው ወሰዱ። እርሷም ዓመት እስኪሞላ ከቤት መውጣት ነውር መስሏት ተቀመጠች። ወንድማማቾቹ እንጀራ ፍለጋ ሲሯሯጡ ወረቀቱ ከመሳቢያ ውስጥ ቀረ። እኔ ዘንድ የመጣችው ከ18 ወር በኋላ፣ መብራት ሊቆረጥባት ሲል ነው። ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን፤ ተፈቀደላትም። ነገር ግን ወደ ኋላ የተከፈላት የ12 ወር ብቻ ነበር። የስድስት ወሩ የልጆቿ ገንዘብ ሐዘን ነው ተብሎ ተቃጠለ። ይህ እንዳይደርስባችሁ የሚከተለውን ልብ ብላችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ የቀብር ጉዳይ ነው። በእስራኤል አገር ሟቹ በሚኖርበት ከተማ መቃብር በተለመደው ሥርዓት ለመቅበር ቤተሰቡ አይከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ቢቱዋኽ ሌኡሚ ነው። ልዩ ቦታ የሚመርጥ ወይም በሕይወት ሳለ ቦታ የሚገዛ ግን ይከፍላል። ስለዚህ ለቀብር ብላችሁ አትበደሩ።

ሁለተኛ፣ የተተኪዎች አበል ነው። በዕብራይስጥ ክጽባት ሽኤሪም ይባላል። ሟቹ የኢንሹራንስ ጊዜውን አሟልቶ ከሆነ፣ ቢቱዋኽ ሌኡሚ ለሚስቱና ለልጆቹ በየወሩ ይከፍላል። የሚስቲቱ ዕድሜና የልጆች መኖር እንዲሁም ሌሎች ሁኔታዎች ይታያሉ። ጥያቄውን ከሞቱ ቀን አንሥቶ በ12 ወር ውስጥ ማስገባት ነው። ከዘገየ ወደ ኋላ የሚከፈለው ከ12 ወር አይበልጥም። «እኛ አዲስ ገቢ ነን፣ አይገባንም» ብላችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ። ጠይቁ፤ ይህ ባይገባችሁ ሌላ ድጋፍ ሊኖር ይችላል። እምቢ ከተባላችሁም መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አበል የምታገኝ ሴት እንደገና ብታገባ ወርኃዊ ክፍያው ይቆምና በምትኩ የማግቢያ ገንዘብ ይሰጣታል። ይህንንም አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ሦስተኛ፣ ውርስ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ሚስት ከጋራ ንብረት ግማሹ የራሷ ቢሆንም፣ ባል ሳይናዘዝ ከሞተ የእርሱን ድርሻ አትወርስም። እዚህ አገር ግን የተለየ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወጣው የውርስ ሕግ መሠረት ባል ሳይናዘዝ ከሞተ፣ የቤት ዕቃውና የቤተሰቡ መኪና ለሚስቱ ነው። ልጆች ወይም የሟች ወላጆች ካሉ፣ ከቀረው ውርስ ግማሹን ሚስት ትወስዳለች። ይህም ከጋራ ንብረት የራሷን ድርሻ ካገኘች በኋላ የሚጨመር ነው። ልጆች ካሉ የሟች ወንድሞች በሕግ ወራሾች አይደሉም። «የወንድማችን ቤት ነው» ብለው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚጭኑ ዘመዶች አይቻለሁ። ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህ ነውር ብቻ አይደለም፤ ሕግም አይፈቅደውም። ውርስ የሚጸድቀው ጻቭ ዬሩሻ በሚባል ትእዛዝ ነው።

አራተኛ፣ ዕዳ ነው። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከሟች ውርስ ነው። ወራሽ ከወረሰው በላይ አይጠየቅም፤ በዋስነት ወይም አብሮ ተበዳሪ ሆኖ ከፈረመ ግን ይጠየቃል። ባንክ ለቤት መግዣ የማሽካንታ ብድር ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ የሕይወት ኢንሹራንስ ያስገባል። ተበዳሪው ሲሞት ኢንሹራንሱ የብድሩን ቀሪ ሊከፍል ይችላል። ሳትጠይቁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ።

አምስተኛ፣ እንደገና ስለ ማግባት ነው። ባሏ ልጅ ሳይወልድ ሞቶ በሕይወት ያለ ወንድም ካለው፣ ሴትየዋ እንደገና ከማግባቷ በፊት ራባኑት ሐሊጻ ይጠይቃታል። ሐሊጻ በዳኞች ፊት የሚፈጸም አጭር ሥርዓት ነው። የባልዋ ወንድም ነጻ ይለቃታል፤ ትርጉሙ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ በኦሮሞና በአንዳንድ የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ እንደነበረው ወንድም የወንድሙን ሚስት ይውረስ ማለት አይደለም። ያን ዓይነቱን ጋብቻ የእስራኤል ዋና ራባኑት በ1950 ዓ.ም. አስቀርቶታል። ወንድምየው አለቅም ቢል ወይም ገንዘብ ክፈይ ቢል፣ በ1953 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ሊገደድ ይችላል። ማንም ሴት በዚህ ነገር ዓመታት ታስራ መቀመጥ የለባትም።

ወረቀቱ ይህን ያህል ነው። ከወረቀቱ የሚከብደው የእኛ ጠባይ ነውና ለእያንዳንዳችሁ አንድ ቃል ልበል።

ባሎች፣ በሕይወት ሳላችሁ ወረቀቶቻችሁን በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ቦታውን ለሚስቶቻችሁ አሳዩ። የባንክ ደብተሩ በሁለታችሁ ስም ይሁን። ይህ ሞትን መጥራት አይደለም፤ ዝናብ ሳይመጣ ጎጆ እንደመክደን ነው።

የሟች ወንድሞችና እህቶች፣ ሐዘኑ የእናንተም እንደሆነ አውቃለሁ። ሰነድ ለመያዝ ከፈለጋችሁ ቅጂውን ያዙ፤ ዋናው ከእርሷ እጅ አይውጣ። ቢሮ ስትሄዱ እርሷን ይዛችሁ ሂዱ።

ልጆች፣ ዕብራይስጡን ቀድማችሁ ስለምትችሉ ሁሉ ነገር በእናንተ ላይ ይወድቃል። ወላጆች ሆይ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ የአባቱን የሞት የምስክር ወረቀት ለእናቱ እንዲተረጉም አታድርጉ። ማኅበራችን አለ፤ ጎረቤት አለ፤ ቋንቋ የሚችል ትልቅ ሰው ፈልጉ።

የዕድር አባላት፣ ድንኳንና ወንበር ማቅረብ መልካም ነው። ነገር ግን ሰው የሚበተነው በሰባተኛው ቀን ነው፤ ጨለማው የሚመጣው በስምንተኛው። ከአባሎቻችሁ ሁለት ሰው መርጣችሁ በመጀመሪያው ወር ከሴትየዋ ጋር ቢሮ ለቢሮ እንዲዞሩ አድርጉ። ለሙት ዓመት የሚወጣውንም ድግስ ቀንሱ። ሁለት መቶ ሰው አብልቶ ለልጆች ኪራይ ማጣት ለሟቹም ክብር አይሆንም።

ጎረቤቶች፣ ፊቷን ያልነጨችውን፣ በሦስተኛው ወር ሥራ የገባችውን፣ ዓመት ሳይሞላ ነጠላዋን የቀየረችውን ሴት አትሟት። እናቴን ያደሟት ጥፍሮቿ ብቻ አይደሉም፤ «በደንብ አለቀሰች» የሚለው ምስጋናችን ነው።

እናንተ ባሎቻችሁ የሞቱባችሁ እህቶች ደግሞ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ከእናንተ በፊት በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ 4,000 ያህል ወገኖቻችን አልቀዋል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የመታሰቢያ ሐውልት አላቸው። ከዚያ መንገድ ባሏን በረሃ ላይ ጥላ፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ የደረሰች ስንት እናት አለች! የእነዚያ ልጆች ዛሬ በዚህች ከተማ ነርሶች፣ መኰንኖችና አስተማሪዎች ናቸው። በኔፓልም ሊሊ ታፓ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በ1994 ዓ.ም. እንደ እርሷ ያሉትን ሰብስባ ማኅበር አቋቁማለች። ሴቶቹ «መበለት» መባልን ትተው «ብቻዋን የምትኖር ሴት» መባልን መረጡ፤ የተከለከሉትንም ቀይ ልብስ ለበሱ።

ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው ለቅሶ አንዲት ሴት ፊቷን ልትነጭ ስትል ካያችሁ «ተዋት፣ ይውጣላት» አትበሉ። እጇን ያዙ። ልጇ ከአጠገቧ ካለ አትጎትቱት፤ ይለምናት። ሰባቱም ቀን ሲያልፍ ተመልሳችሁ በሯን አንኳኩና «ነገ ስንት ሰዓት አብረን እንሂድ?» በሏት።

እግዚአብሔር ክፉውን ያርቅልን።